የዋልዳው ዕጣ

ሸራ ዝናብ ጠጥቶ ፀሐይ ሲመታው የሚያወጣው ሽታ አለ። የሞቀ ፕላስቲክ፣ የአፈርና የላብ ሽታ ነው። ድንኳን ውስጥ ያልኖረ ሰው አፍንጫውን ሸፈን አድርጎ ያልፈዋል፤ የኖረበት ሰው ግን ባለበት ይቆማል። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጎረቤቴ ማማ ማርታ የልብስ ክምሯን የምትሸፍንበትን ሸራ አጥር ላይ ስታሰጣው ያ ሽታ እስከ ስፌት መኪናዬ መጣ፤ እግሬም ፔዳሉ ላይ ቀጥ አለ። የኮት እጅጌ ሊያሳጥር የሚጠብቀኝ አንድ የቦረና ሽማግሌ «ፖሌ ፉንዲ፣ አይዞህ፣ አመመህ እንዴ?» አለኝ። አላመመኝም አልኩት። እሱም ሽማግሌ ስለሆነ ነገሩ ገብቶት መሰለኝ፣ ጊዜ እንዳለው ነግሮኝ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

የምሠራው እዚህ ኬንያ ሞያሌ ነው፤ ከድንበሩ በር ወደ ታች በሚወርደው መንገድ፣ በስልክ ካርድ ሻጩና በፍየል ሥጋ ቤቱ መካከል ባለችው ጥግ። ማማ ማርታ ከእኔ ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ሚቱምባ ትሸጣለች፤ በቦንዳ ታስሮ የሚመጣ ያገለገለ ልብስ ማለት ነው። ሰው ከእሷ ሱሪ ይገዛል፣ ወገቡ ሲሰፋበት ወደ እኔ ይዞራል። እንዲህ ስንኖር ሠላሳ ዓመት ሞልቶናል። እውነተኛ ስሟ ጥሩወርቅ ነው፤ እዚህ አገር ሴት በልጇ ስም ስለምትጠራ ግን ማማ ማርታ ሆና ቀረች። እኔንም አገሬው ፉንዲ ይለኛል፤ የእጅ ባለሙያ ማለታቸው ነው። ሐበሾቹ ደግሞ ዛሬም ዲያቆን ነው የሚሉኝ። በልጅነቴ የተቀበልኩት ማዕረግ ነው። ቅስና ሳይጨመርበት፣ ድቁናውም በወጉ ሳይሠራበት፣ ሰባ ሊሞላኝ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ እንደ ቅጽል ስም ተለጥፎብኝ ይኖራል። ጉልበቴ ፔዳል መርገጥ ሰልችቶታል፣ ዓይኔ ክር ማስገባት ሰልችቶታል፤ ስሙ ብቻ አልሰለቸውም።

ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ ማማ ማርታ በርጩማዋን ጎትታ አጠገቤ ተቀመጠች። አንገቷ ላይ ያለውን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። መጀመሪያ አተር ያህል ነበር፤ አሁን እንቁላል አክሎ በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍነዋለች። ያየቻት ዶክተር ናይሮቢ ሄዳ ኦፕሬሽን መሆን እንዳለባት፣ ብትዘገይ ግን ወደ ሌላ ቦታ ሊሄድ እንደሚችል ነግራታለች። ናይሮቢ የምትኖረው ልጇ ማርታም በየቀኑ እየደወለች ታለቅሳለች።

«ዲያቆን፣ ዕጣ ጣልልኝ» አለችኝ።

«የምን ዕጣ?»

«ሂጂ ወይም ቅሪ የሚለውን። እንደ ዋልዳው። ከነገ ጀምሬ ሦስት ቀን እጾማለሁ፤ ቅዳሜ ትጥልልኛለህ። ያን ጊዜ እግዚአብሔር ነግሮኛል፣ አሁንም ይነግረኛል። ዳክታሪዋ ሰው ናት፣ ማርታም ሰው ናት። የሰው ወሬ ሰምቼ ቢላ ሥር አልተኛም።»

«ቅሪ ቢልሽስ?»

«እቀራለኋ። ያኔስ ባስቀረኝ ምን ሆንኩ?»

እሺ አልኳት። እምቢ ማለት ያቃተኝ ዕለት የዛሬ ሠላሳ ዓመት ስለሆነ፣ ያን ቀን እሺ ማለቴ አዲስ ነገር አልነበረም። መኪናዬንም ሸፍኜ ወደ ቤት ሄድኩ። ዋልዳ ላይ ጥሩወርቅን ቅሪ ያላት እግዚአብሔር አልነበረም። እኔ ነበርኩ። እሷ ይህን አታውቅም፤ ማንም አያውቅም።

ስደተኛ ካምፓችን የነበረውን ዋልዳን ዛሬ የሚያይ ሰው ቀይ አፈር፣ እሾህና ግመል ብቻ ነው የሚያየው። ያኔ ግን ከተማ ነበር። ዘመኑ ሲገለባበጥ ከአገር የወጣነው ሰዎች፣ ወታደሩም፣ አስተማሪውም፣ የቢሮ ጸሐፊውም፣ ሸራ በወጠርን በወሩ መንገድ አወጣን፤ ለመንገዱም የናፈቀንን ሰፈር ስም ሰጠነው። ሻይ ቤት ተከፈተ። አንድ ስኒ ሻይ አንድ ሽልንግ፣ ከብስኩት ጋር ሁለት ሽልንግ ነበር፤ ብስኩቱን ለሦስት የሚካፈሉ ነበሩ። የዘይት ቆርቆሮ ተቀዶ ይዘረጋና በር ይሆናል። ጫማችን ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ ነበር፤ አያልቅም፣ አያምርምም። ባትሪ ሲደክም ድንጋይ ላይ ፀሐይ እናሞቀዋለን፤ ያኔ ቴፑ ሁለት ዘፈን በደህና ይዘፍንና በሦስተኛው ላይ ድምፁ እየጎተተ ይሰክራል፣ እኛም እንስቃለን። እኔ አንድ ቡናማ ኮት ነበረችኝ፤ በካምፑ ውስጥ እጅጌዋ ያልተቀደደ ኮት እሷ ብቻ ነበረች መሰለኝ። ለዘመድ ፎቶ መላክ የፈለገ ሁሉ ከእኔ ይዋሳታል፤ ቀጭኑ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ያስይዛታል፣ ወፍራሙ ሳይቆልፋት ይቆማል። ዛሬ በየአገሩ ግድግዳ ላይ ስንት ቦታ ተሰቅላ እንደምትኖር ሳስብ አንዳንዴ ብቻዬን እስቃለሁ። ኮቷን የት እንደጣልኳት ግን አላስታውስም።

ቤተ ክርስቲያናችን ከእንጨትና ከሸራ ነበር፤ ደወሉ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ፣ ከበሮው ደግሞ የፍየል ቆዳ የተወጠረበት የዘይት ጣሳ። እኩለ ቀን ላይ ሸራው ሲግል ሽታው ከጸሎቱ ጋር ይደባለቃል። አሁን ከተማው ውስጥ ቆርቆሮው የሚያብረቀርቅ፣ ድምፅ ማጉያው ሰፈር የሚያናውጥ የጸሎት ቤት ሞልቷል፤ ጆሮዬ ነው መሰለኝ፣ ያን ጊዜ በዝግታ የተባለው ይበልጥ ይሰማኝ ነበር። በወር በወሩ የመድኃኔዓለምን ማኅበር በዳቦና በሻይ እንዘክራለን። የሚቀጥለው ወር ተረኛ በዕጣ ይለያል፤ ስም በወረቀት ተጽፎ፣ ተጠቅልሎ፣ ጣሳ ውስጥ ይደረግና አንዱ ይወጣል። አገር ቤትም የነበረ ልማድ ነው። ዋልዳ ላይ ግን ዕጣው እያደገ ሄደ። ሬዲዮው አንድ ነገር ይላል፣ ከአገር የመጣ የከብት ነጋዴ ሌላ ይላል፤ የሚያማክር አባት የለ፣ ሽማግሌ የለ። ስለዚህ ሰው ግራ ሲገባው ወደ እኔ ይመጣል። ሦስት ቀን ይጾማል፣ እኔ ሁለት ወረቀት እጽፋለሁ፤ አቡነ ዘበሰማያት ደግመን እሱ ራሱ አንዱን ያነሳል። ያልተነሳው አይነበብም፤ እዚያው በሻማ ይቃጠላል። እግዚአብሔር ያልፈቀደውን ገልጦ ማየት እሱን መጠራጠር ነው እንል ነበር። አንድ ጊዜ የጎበኙን ቄስ «ይህን ከየት አመጣችሁት?» ብለው ቢቆጡን ሐዋርያትም ዕጣ ጥለዋል ብለን መለስንላቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ምነው ያን ቀን ጠንከር ብለው በተቆጡን እላለሁ።

ጥሩወርቅ ዋልዳ የመጣችው ባሏ በመንገድ ላይ በወባ ሞቶባት፣ የስምንት ወሯን ማርታን አዝላ ነው። ቢጫ ሻሽ ታስር ነበር፤ ከሩቅ የምለያት በሻሿ ነው። በኋላ ካምፑ ይዘጋል ተባለ። ወደ አገር ለሚመለስ የጭነት መኪና ተዘጋጀ፤ ለቀረው ሌላ ሩቅ ካምፕ ተባለለት። አንዳንዶቻችን ደግሞ ሞያሌ ገብተን እንደምንም ለመኖር አሰብን። በዚያው ሰሞን የጥሩወርቅ እናት ከዲላ በአንድ ነጋዴ በኩል ላኩባት፤ «ዓይኔ ሊጠፋ ነው፣ ሳይጠፋ ልይሽ» ብለው። ጥሩወርቅ መሄድም ፈለገች፣ መንገዱንም ፈራች። መጣችና «ዲያቆን፣ ዕጣ ጣልልኝ» አለችኝ።

ስለ መንገዱ ክፉ ወሬ ይሰማ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ለራሴ የነገርኩትም ይህንኑ ነው። ዋናው ነገር ግን እሱ አልነበረም። ጥሩወርቅን እወዳት ነበር፤ ትንፍሽ ሳልል እወዳት ነበር። እሷ ሄዳ እኔ ብቻዬን ሞያሌ እገባለሁ ብሎ ማሰብ አስፈራኝ። ድንኳኔ ውስጥ ተቀምጬ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ «ቅሪ» ብዬ ጻፍኩ። በሁለተኛውም ላይ «ቅሪ» ብዬ ጻፍኩ። እሷ አንዱን አንስታ አነበበች፤ ለእናቷ አለቀሰች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ መሬቱን ሳመች። ሁለተኛውን ወረቀት ሻማው ላይ ያዝኩት፤ ቶሎ አልነድ ብሎ ጣቴን አቃጠለኝ።

እናቷ በሁለተኛው ዓመት ማየት ተሳናቸው፤ በአራተኛው ሞቱ። መርዶውን የነገርናት እዚሁ ሞያሌ፣ የተከራየችው ቤት በረንዳ ላይ ነው። ከሐዘኑ ስትነሳ «እግዚአብሔር ቅሪ ያለኝ እሱ የሚያውቀው ነገር አለ» አለች። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር አለፈ። ከተማው ሲታወክ ሁለት ጊዜ ጓዛችንን ጥለን ሸሽተናል፤ ተመልሰን ባዶ ጥግ ጠርገናል። ድርቅ መጥቶ ከኦቦ መንደር የሚወርደው እረኛ ሸሚዝ መግዛት ያቆመበት ዓመት ነበር። ማርታ በትኩሳት አንድ ወር ተኝታ ነበር። በእያንዳንዱ ላይ ጥሩወርቅ ያንኑ ትላለች፤ «እሱ ነው ያስቀረኝ፣ እሱ አይጥለኝም።» ለአዲስ መጪ ስደተኛ ሴቶች ሁሉ የዋልዳውን ዕጣ ትነግራለች፤ ሻይ እያጠጣች፣ ከክምሯ ሹራብ መዝዛ እየሰጠች። እኔ አጠገቧ ሆኜ ቁልፍ እተክላለሁ። ለምን አላገባሃትም የሚል ካለ፣ ካገባኋት ዕጣውን ለራሴ እንደጣልኩት ይታወቅብኛል ብዬ ፈራሁ። መጀመሪያ አፈርኩ፣ ቀጥሎ ዘገየሁ፣ ከዚያ አረጀሁ።

ሐሙስና ዓርብ ሥራ አልሠራሁም ማለት ይቻላል። ያሰብኩትን ልናገር። እውነተኛ ዕጣ ብጥል «ቅሪ» ሊወጣ ይችላል፤ ከወጣ ትቀራለች፣ ከቀረች ትሞታለች። እንግዲያው ሁለቱም ላይ «ሂጂ» ብዬ ብጽፍስ? ያኔ ለራሴ ነበር፤ አሁን ለእሷ ነው። ዶክተሯም፣ ማርታም፣ እኔም የምንፈልገው ይህንኑ ነው። ማንን ይጎዳል? እንዲህ እያልኩ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ወረቀት ቀደድኩ፤ ሁለቱም ላይ «ሂጂ» ብዬ ጻፍኩና ጠቅልዬ ሣህን ላይ አስቀመጥኳቸው።

ከቅዳሴ በኋላ ቤቴ መጣች። ነጭ ለብሳለች፤ ከንፈሯ በጾሙ ደርቋል። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። ሻማ አበራሁ፣ ጸሎቱን ደገምን። እጇን ወደ ሣህኑ ከመዘርጋቷ በፊት ዓይኗን ጨፈነችና ድምፅ አውጥታ ጸለየች።

«ጌታዬ፣ ያኔ እናቴን ሳላይ ያስቀረኸኝ አንተ ነህ። ብዙ ዓመት አኩርፌህ ነበር፤ ታውቃለህ። አሁን ግን አልተቀየምኩህም። ንገረኝ።»

ሠላሳ ዓመት የእኔን ጥፋት ለእግዚአብሔር ይቅር ስትል እንደኖረች ያን ጊዜ ገባኝ። እጇ ሣህኑ ጋ ሲደርስ ያዝኩት።

«ተይው» አልኳት። «ሁለቱም ሂጂ ነው የሚሉት።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«እኔ ነኝ እንደዚያ የጻፍኩት። የዋልዳዎቹም ሁለቱም ቅሪ ነበር የሚሉት።»

አየችኝ። ሻማውን አየች። ውጭ አንድ ሞተር ብስክሌት አለፈ፤ ድምፁ እስኪጠፋ ጠበቀችው መሰለኝ።

«ለምን?»

«ብቻዬን መቅረት ፈርቼ።»

«እናቴ ዓይኗ እስኪጠፋ በር በሩን ስታይ ነበር አሉኝ» አለች። ተነሥታ ጫማዋን አጠለቀች፤ አንዱን ከአንዱ ቀይራ አጥልቃው ነበርና በር ላይ ቆማ አስተካከለችው። ከዚያ ሄደች።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም። ሰኞና ማክሰኞ ጥጓ ባዶ ዋለ። ደንበኞቿ «ማማ ማርታ ዋፒ?» እያሉ የት እንደሄደች እኔን ይጠይቁኛል፤ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። ቤቷ ሄጄ ባንኳኳ አልከፈተችልኝም። የተኛሁበት ሁሉ ቆረቆረኝ። በአንድ ቅዳሜ እምነቷንም ሕይወቷንም ወሰድኩባት አልኩ። ተናድዳ ትቀራለች፣ ትቀርና ትሞታለች፤ ዝም ብል ኖሮ ግን ያን ቀን «ሂጂ»ን አንስታ እየዘመረች አውቶቡስ ትሳፈር ነበር። ልጸልይ ተንበረከኩ። ሠላሳ ዓመት ጸሎት ሳደርስ ኖሬያለሁ፣ የዳዊቱን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ከአፌ የወጣው «ደከመኝ» የሚል ብቻ ነው። እሱንም ደጋግሜ አልኩት። መልስ አልመጣም። ከጉልበቴ የተነሣሁት ግድግዳ ይዤ ነው።

ረቡዕ ጠዋት የስፌት መኪናዬን ስገልጥ ጥሩወርቅ ሰማያዊ ሻንጣ ይዛ ቆማለች። ካለፈው ሳምንት ይልቅ አርጅታለች። አንገቷን አልሸፈነችውም።

«ልትሄጂ ነው?» አልኳት።

«ልሄድ ነው። ማርታ ቀጠሮ አስይዛልኛለች።»

«ምን… ምን ነገረሽ?»

«ማን?»

እሷ ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠችና በርጩማዬ ላይ ተቀመጠች።

«ምንም አልነገረኝም» አለች። «ሦስት ቀን ጮህኩበት፤ ዝም አለኝ። ከዋልዳ ጀምሮ አንድ ቃል ነግሮኝ እንደማያውቅ አሁን ነው ያወቅኩት። አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ አሰብኩት፤ ወረቀቱ ያንተ ነበር፣ እሺ። ማርታን ከትኩሳቱ ያስነሣልኝ ግን አንተ አይደለህም። ባዶ ጥግ ላይ ተቀምጬ ለማግስቱ እንጀራ የሰጠኝ አንተ አይደለህም፤ አንተ ራስህ ከእኔ ነበር የምትበላው።»

«እውነት ነው።»

«እሱ ዝም ብሎም አብሮኝ ነበር ማለት ነው። ናይሮቢም ዝም ብሎ አብሮኝ ይሄዳል። ፈርቻለሁ፤ ቢላ እፈራለሁ፣ ቀና ብዬ እንደማልነሣ አስባለሁ። ግን እሄዳለሁ።»

«ይቅር በይኝ፣ ጥሩዬ።»

«እሱን አሁን አትጠይቀኝ» አለች፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። «እግዚአብሔርን ይቅር ማለት ይቀለኝ ነበር።»

ሻንጣዋን ተሸክሜላት ወደ አውቶቡሱ ወረድን። ያኔ ከዚህ ናይሮቢ በከብት መኪና ላይ፣ ከበሬዎቹ በላይ በታሰረ እንጨት ተቀምጦ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ የደረሰ ሰው ፀጉሩ ከአፈሩ አይለይም። አሁን መንገዱ አስፋልት ነው፤ ወንበሩ ቁጥር አለው፣ ውሃም ያድላሉ። ጉልበቴ ቁልቁለቱ ላይ ስላመመኝ ሁለት ጊዜ ቆምን፤ ስቆም እሷም ትቆማለች፣ ግን አታየኝም። ከፊታችን የሥጋ ቤቱ ሰውዬ ፍየል እየጎተተ ሲያልፍ «ማማ ማርታ፣ ሳፋሪ ንጄማ» ብሎ መልካም መንገድ ተመኘላት። ለእሱ ፈገግ አለችለት። ሻንጣውን ለረዳቱ ሰጠሁትና እሷ ገብታ በመስኮት በኩል ተቀመጠች። እኔ ከታች ቆምኩ። የመስኮቱን ጎማ እነካካለሁ።

መስኮቱን ከፈተችው። «ዲያቆን» አለችኝ።

«አቤት።»

«ያን ጊዜ ዋልዳ ላይ፣ ወረቀት ሳትጽፍ፣ እንዲሁ በአፍህ ቅሪ ብትለኝ እቀር ነበር።»

ረዳቱ በሩን ደበደበ፤ ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ እኔም መስኮቱን ይዤ በዚያ ጉልበቴ ሁለት ሦስት እርምጃ አብሬው ሄድኩ።

«ተመለሺ» አልኳት። «ጥሩወርቅ፣ ተመለሺልኝ።»

«እሱ ካለ፣ እሺ» አለች።